ጓያ ለሽሮ፦ የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ወይስ ያልተደፋው ውሃ?

ጠያቂ፦ የጓዳ ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። የዓመት ሽሮ ሊዘጋጅ ነው፤ እህሉ በጠቅላላው 20 ኪሎ ነው። የአተርና የሽምብራ ዋጋ አልቀመስ ስላለ 8 ኪሎውን ጓያ ለማድረግ ታስቧል። ከሚበሉት መካከል የ4 ዓመት ሕፃንና የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አሉ።

ትልልቆቹ «ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳያገኛችሁ፣ በገለባውም ላይ እንዳትተኙ፣ ይሰብራል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «በደንብ ከታመሰ መርዙ ይጠፋል» ይላሉ። የትኛው ነው እውነቱ? የሚታጠብ ከሆነ በስንት ውሃ፣ ለስንት ሰዓት? ደግሞ ከገበያ ጥሬ ግብጦ ተገዝቷል። ስንት ቀን ውሃ ውስጥ መቆየት አለበት? በግምት ሳይሆን በልክ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መላሽ፦ የእህል ኬሚስት

እንፋሎቱ ማንንም አይሰብርም፤ ገለባውም ላይ መተኛት አይሰብርም። ሰው የሚሰበረው፣ ማለትም እግሩ አልታዘዝ የሚለው፣ በመብላት ነው።

በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ቤታ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ከሻጋታ ወይም ከፀረ ተባይ መድኃኒት የመጣ ሳይሆን ተክሉ ራሱ የሚሠራው ነው። ጠባዩን ለመረዳት ጨውን ያስቡ። ጨው ያለበት ውሃ ሲፈላ ጨዉ በእንፋሎት አይወጣም፤ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ኦዳፕም እንደዚያው ነው። ሲቀቀል ከፊሉ ፍሬው ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ወደ ላይ የሚተን ግን የለም። የዚህ እምነት ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከእንፋሎቱ ሸሽታ የቆመች እናት ንፍሮውን ከነውሃው አንተክትካ ስታቀርብ ጥንቃቄዋ ሁሉ የዋለው በማይጎዳው በኩል ነው።

ማመስን በተመለከተ፣ ሙቀት ከኦዳፑ የተወሰነውን አልፋ ወደሚባለውና ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ቅርጽ ይለውጠዋል። አብዛኛው ግን እንዳለ ይቀራል። ውሃ ያልነካው ፍሬ መርዙ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጓያ ቆሎ «ታምሷል» ተብሎ የሚታመንበት ነገር አይደለም። ማመስ ለሽሮው መዓዛና ለመከካት ይጠቅማል፤ መርዙን ግን ውሃ ነው የሚያወጣው፣ ያውም የሚደፋ ውሃ።

መጠኑን በቁጥር ላሳይ። የጓያ ኦዳፕ እንደ ዘሩና እንደ አፈሩ ከ0.1 ከመቶ እስከ ከ1 ከመቶ በላይ ይደርሳል። ለስሌት ያህል 0.5 ከመቶ እንበል። በችግር ጊዜ አንድ ሰው በቀን 200 ግራም ደረቅ ጓያ በንፍሮና በቂጣ ቢበላ 1000 ሚሊግራም ኦዳፕ ወሰደ ማለት ነው፤ በየቀኑ፣ ለወራት። ሽሮ ሲሆን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ማዕድ 50 ግራም ያህል ዱቄት ይደርሰው ይሆናል። ከዚያ ውስጥ አንድ አምስተኛው ጓያ ቢሆን 10 ግራም ነው፤ ኦዳፑም 50 ሚሊግራም። ጓያው አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ከታጠበ ወደ 12 ወይም 15 ሚሊግራም ይወርዳል። የሁለቱ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

አሁን ወደ እርስዎ 20 ኪሎ። 8 ኪሎ ማለት 40 ከመቶ ነው፤ ይህ በዝቷል። 4 ኪሎ ያድርጉትና እንዲህ ያዘጋጁት።

ጓያውን ለቅመው፣ በመጠኑ ብቻ አምሰው ያስከኩት፤ ቅርፊቱን በሰፌድ ያበጥሩ። ክክ መሆኑ ግድ ነው፤ ሙሉው ፍሬ ቅርፊቱ ውሃ ስለሚከለክለው ውስጡ ቶሎ አይታጠብም። ከዚያ በ2 ኪሎ በ2 ኪሎ ይሥሩት። ለ2 ኪሎ ክክ 10 ሊትር ውሃ ያፍሉ፤ የፈላውን ውሃ በክኩ ላይ ገልብጠው፣ ከድነው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይተዉት። ውሃው ቢጫ ይሆናል፣ ሲነኩት አረፋ ይይዛል፤ ያ የሚደፋ ነው። በወንፊት አጥልለው በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት፤ እንደገና 10 ሊትር የፈላ ውሃ ለ1 ሰዓት፤ አጥልለው ደግመው ያለቅልቁ። ክክ በብዙ ሙቅ ውሃ ለሰዓታት ተዘፍዝፎ ውሃው ሲደፋ ከ70 እስከ 80 ከመቶ የሚሆነው ኦዳፕ ይወጣል። ሁለተኛው ዙር የቀረውን ይቀንሳል። ዜሮ ግን አይሆንም፤ ለዚህ ነው መጠኑንም የምንቀንሰው።

ሙቅ ውሃ ለምን አስፈለገ? ደረቅ ዘር ሕይወት አለው። የሴሉ ሽፋን ያለውን ነገር ይዞ ለማቆየት የተሠራ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ፍሬው ያብጣል እንጂ ሽፋኑ አይከፈትም፤ መርዙም እያንቀራፈፈ ነው የሚወጣው። የፈላ ውሃ ሽፋኑን ይገድለዋል፣ ያን ጊዜ በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ውሃው ይፈሳል። ለግብጦውም ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሌላ ሰው ይመለስበታል ብዬ እገምታለሁ።

አብረው የሚጠፉ ነገሮች አሉ፤ የቢ ቫይታሚኖችና ከማዕድናቱ የተወሰኑት። ዋናው ፕሮቲን ግን ክኩ ላይ ይቀራል። በእኔ እምነት መርዙን ለማስወጣት ሲባል ይህ ቢታለፍ የሚሻል ኪሳራ ነው።

መላሽ፦ ባለ ወፍጮ

ከላይ የተባለው ላይ አንድ ቦታ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የታጠበውን ክክ ማድረቅ ላይ። በሙቅ ውሃ የቆየ ክክ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ላዩ በግማሽ ቀን ፀሐይ ደርቆ መሃሉ እርጥብ ይቀራል። እንደዚያው ታምሶ ወፍጮ ቤት ሲመጣ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ ዱቄቱ ይሞቃል፣ ቤት ሲደርስም ይጓጉላል። ከሁሉ የከፋው ሻጋታ ነው። ከኦዳፕ ሸሽቶ አፍላቶክሲን በሚባለው የሻጋታ መርዝ ላይ መውደቅ ማለት ነው፤ አፍላቶክሲን ደግሞ ታምሶም ተወጥቶም አይጠፋም።

ክኩን በንጹሕ ሸራ ላይ ከጣት ውፍረት በማይበልጥ ስስ አድርገው ያስጡት። በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት። ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ያስገቡት። ጥሩ ፀሐይ ካለ 2 ወይም 3 ቀን ይበቃዋል። በክረምት ወይም ደመና በሆነበት ሳምንት ባይጀምሩት ይሻላል። መድረቁን በጥርስ ይወቁት፤ ሲነክሱት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ጥርስዎ ምልክት ጥሎበት ካለፈ ገና ነው። ከዚያ በለስላሳ እሳት መዓዛው እስኪወጣ ይታመስና ከአተሩ፣ ከሽምብራውና ከቅመሙ ጋር ይደባለቃል።

ሌላው፣ ጓያ በፍሬው እንጂ በዱቄት አይለይም። ገበያ ላይ «ንጹሕ የአተር ሽሮ» የተባለው ዱቄት ውስጥ ጓያ ቢኖር በዓይንም በምላስም ማወቅ አይቻልም፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። መጠኑን መቆጣጠር የፈለገ ሰው እህሉን በፍሬው ገዝቶ ራሱ ያስፈጭ። አተር ድቡልቡል ነው። ጓያ ግን በአንድ ጎኑ እንደ መጥረቢያ የጠበበ፣ ማዕዘን ያለው፣ እፍኝ ውስጥ ሲያንከባልሉት የማይንከባለል ነው። ነጣ ያለም ግራጫ ነጠብጣብ ያለበትም አለ። «ነጩ መርዝ የለውም» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ፤ መልኩ ዋስትና አይሆንም።

መላሽ፦ ነርቭና እንቅስቃሴ

በሕክምናው በኩል ያለውን ልጨምር፤ በተለይ የ15 ዓመት ልጅ ስለተጠቀሰ።

በሽታው ላቲሪዝም ይባላል። ኦዳፕ አእምሮ ውስጥ ነርቮች የሚነጋገሩበትን ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር ይመስላል፤ የግሉታሜትን መቀበያ ይዞ ነርቩን ያለልክ ያነቃቃዋል። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ረጃጅም ነርቮች ይሞታሉ። የማሰብ ችሎታ አይነካም፤ እግሩም መቆንጠጥን፣ ሙቀትንና ቅዝቃዜን መለየቱን ይቀጥላል። የሚጠፋው እግርን እንደፈለጉ ማዘዝ ነው።

አጀማመሩን ሁሉም ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል። ማታ ማታ ባት ይሸማቀቃል፣ ወገብና እግር ይከብዳል፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ጉልበት ይከዳል። አንዳንዱ ላይ ከከባድ ሥራ ወይም ከረጅም መንገድ በኋላ በአንድ ሌሊት ይመጣል። ቀጥሎ እግሩ ይገተራል፤ ተረከዝ መሬት አልነካ ይላል፣ ሰውየው በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል፣ ጉልበቶቹም እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ከዚያ በኋላ በአንድ ምርኩዝ፣ በሁለት ምርኩዝ፣ ሲብስ በመዳህ ነው። የባት መሸማቀቁ ሲጀምር ጓያውን በዚያው ቀን ማቆም ያስፈልጋል፤ መባባሱን የሚያቆመው ይህ ብቻ ነው። አንዴ የሞተውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶችና የማያቋርጥ የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ግትርነቱን ያቀሉታል፤ ተረከዝ እንዳያጥርም ይረዳሉ። በሽታው አይተላለፍም፣ በዘርም አይወረስም። «የዚያ ቤት ሰዎች ናቸው» ተብለው ለጋብቻ የሚታለፉ ልጆች መኖራቸው ትልቅ በደል ነው።

ከሌላው ይልቅ የሚጠቁት ወንዶች ናቸው፤ በተለይ ከ10 እስከ 30 ዓመት ያሉት። የ15 ዓመቱ ልጅ እዚያ ውስጥ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚደርስ ከታሪክ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ በሮማኒያ ቁጥጥር ሥር በነበረው፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ በሚገኘው የቫፕኒያርካ ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች በቀን ወደ 400 ግራም ለከብት መኖ የተቀመጠ ጓያ ይሰጣቸው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች እግራቸው ተሰበረ። ራሱም እስረኛ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር ምክንያቱ ምግቡ መሆኑን ለይቶ እስረኞቹን አስጠነቀቀ፤ በኋላም እስራኤል ገብቶ በሽተኞቹን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል።

በእኛ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በወሎ፣ በደላንታና ዳውንት የደረሰው ወረርሽኝ አለ። ድርቁ ሌላውን ሰብል ሲያቃጥል በዋልካው ላይ የቆመው ጓያ ብቻ ነበር፤ ሰው ያለውን በላ። ያ ወረርሽኝ ሲጠና አንድ ለጓዳ የሚጠቅም ነገር ታየ፤ የተሰበሩት በብዛት ጓያውን በንፍሮ፣ በታመሰ ቆሎና በጥሬ እሸት የበሉት ናቸው። ከእህል ጋር ተቀላቅሎ የተበላውና ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርትና ዝንጅብል በገባበት ሽሮ ወጥ የቀረበው አደጋው አነስተኛ ነበር።

ጠያቂ፦ የጓዳ ሰው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ወደ 4 ኪሎ ይወርዳል። ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከሽምብራና ከአተር ጋር መደባለቁ ራሱ ጓያውን «ያረክሰዋል» ማለት ነው? ሁለተኛ፣ የጓያ በቆልት ጤናማ ነው ሲባል ይሰማል። ሦስተኛ፣ የሚደፋው ውሃ ለላም ቢሰጥስ? በዚያው ደግሞ ተልባም ጥሬው ጎጂ ነው የሚል ተነግሯል።

መላሽ፦ የእህል ኬሚስት

ሽምብራና አተር ጓያውን በመጠን ይቀንሱታል እንጂ በጠባይ አያስታግሱትም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት ከኦዳፕ ጉዳት ራሱን ለመከላከል ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶች ያስፈልጉታል፤ ሜቲዮኒንና ሲስቴይን ማለት ነው። ጓያ በእነዚህ ድኻ ነው፤ ሽምብራም፣ አተርም፣ ባቄላም እንዲሁ ናቸው፤ የጥራጥሬ ሁሉ ጉድለት ይኸው ነው። ሜቲዮኒን ያለው ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎና ማሽላ ላይ ነው፤ እንቁላልና ወተትማ የበለጠ አላቸው። ስለዚህ የጓያ ሽሮ በጤፍ እንጀራ ሲበላ እንጀራው ማባያ ብቻ አይደለም፤ ከመርዙ ይከላከላል። አደገኛው እንጀራው ጠፍቶ የጓያ ቂጣ በጓያ ሽሮ የሚበላበት ወቅት ነው። ለክፉ ቀን የሚሆን ልክ ልስጥ፤ ጓያ በቀኑ ምግብ ውስጥ ከሩብ አይለፍ፣ ሦስት እጁ እህል ይሁን። የቀኑ ምግብ ሲሶና ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ 2 እና 3 ወር ሲዘልቅ ነው ሰው የሚሰበረው።

የጓያ በቆልት አይሁን። ለባቄላና ለሽምብራ ማብቀል ጥሩ ነው፤ ጓያ ግን ሲበቅል ኦዳፕ ይጨምራል፣ በጣም የሚበዛውም ለጋ ቡቃያው ላይ ነው። እሸቱም ከደረቀው ይብሳል፤ ያውም ልጆች ማሳ ውስጥ ሆነው ሳይታጠብ ጥሬውን ነው የሚበሉት። የ4 ዓመቱ ሕፃን ገጠር ቢሄድ የባቄላ እሸት ይስጡት፣ የጓያውን ይከልክሉት።

የመጀመሪያውን ውሃ ለማንም እንስሳ አይስጡ። ከሁሉ በላይ ለፈረስና ለበቅሎ፤ ፈረስ ለጓያ በጣም ስስ ነው። ለወጥ ወይም ለሊጥ ማቡኪያም አይሁን፤ «ጣዕሙ ውሃው ላይ ነው» ብለው የሚመልሱት አሉ፣ እሱን መመለስ ድካሙን ሁሉ ገደል መክተት ነው።

ተልባ የሌላ መርዝ ጉዳይ ነው። ተልባ ውስጥ ሳያናይድ የሚለቁ ውህዶች አሉ፤ የሚለቁት ደግሞ ጥሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካውና የራሱ ኢንዛይም ሲሠራ ነው። ስንቆላው ያ ኢንዛይም ይሞታል። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ በውሃ የሚጠጣው የእኛ ተልባ ከዚህ አንጻር ትክክለኛ አሠራር ነው። ጥሬውን ፈጭቶ ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፎ ጠዋት መጠጣት የሚሉት አዲስ ልማድ ግን ይቅር። በቀን 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ለአዋቂ በቂ ነው፤ ውሃ በደንብ ይጠጣበት፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በ2 ሰዓት ያራርቀው፣ ልጋጉ መድኃኒቱን ይይዘዋልና።

መላሽ፦ ግብጦ አጣጣሚ

ግብጦው ወደ ኋላ ቀረ። ከጓያ በአንድ ነገር ይለያል፤ ግብጦ ይመራል፣ ጓያ አይመርም። የግብጦ መርዝ ሉፓኒን የመሳሰሉ አልካሎይዶች ናቸው፤ ምሬቱም እነሱ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ምላስዎ መለኪያ ይሆንዎታል። ለጓያ ምንም የሚያስጠነቅቅ ምላስ የለም።

ለ1 ኪሎ ጥሬ ግብጦ ልክ ልስጥ። ለቅመው፣ አጥበው በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለ12 ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ከእጥፍ በላይ ስለሚያብጥ ዕቃው ሰፊ ይሁን። ውሃውን ደፍተው፣ በአዲስ ውሃ ለ1 ሰዓት ተኩል ያህል ይቀቅሉት፤ ፍሬው በሁለት ጣት ሲጨመቅ ከቅርፊቱ ሸርተት ብሎ መውጣት አለበት። የመቀቀያውንም ውሃ ይድፉ። ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ሥራ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው በቀን 3 ጊዜ እየቀየሩ ከ4 እስከ 6 ቀን ማቆየት። በጎጃም በጆንያ አስረው ወራጅ ውሃ ውስጥ የሚያኖሩት ውሃው ራሱን ስለሚቀይር ነው። ሰው ቀኑን ይቆጥራል፣ የሚያጥበው ግን የውሃው መቀያየር ነው። ለ6 ቀን በአንድ ውሃ የተቀመጠ ግብጦ 6 ቀን አልታጠበም።

መቀቀሉን ዘለው ጥሬውን ብቻ ቢዘፈዝፉት ሳምንት አልፎም ይመራል፤ ከላይ ስለ ሴል ሽፋን የተነገረው ምክንያት ነው። በተቃራኒው «ቀቅዬዋለሁ፣ አበቃ» ማለት የባሰ ስህተት ነው፤ አልካሎይዱ በሙቀት አይጠፋም።

አቀማመሱ እንዲህ ነው። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች 5 ፍሬ ያውጡ። ቅርፊቱን ልጠው ለሁለት ይክፈሉት፣ ከውስጠኛው በኩል በፊት ጥርስ ትንሽ ነክሰው ምላስ ላይ እስከ 20 ይቁጠሩና ይትፉት። ምሬቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ፈጥኖ የተፋ ሰው «ጣፍጧል» ይላል። ከ5ቱ አንዷ ከመረረች ሁለት ቀን ይጨምሩ። ሳይጨርስ ጨው አይጨምሩበት፤ ጨው ምሬቱን ይሸፍናል፣ መለኪያዎን ያጣሉ። በቆላ ወይም በሙቀት ወራት ውሃው ቶሎ ይበላሻል። ፍሬው ልጋግ ከያዘ፣ አረፋና የኮመጠጠ ሽታ ካመጣ ይጣል፤ ከቻሉ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት።

የመመረዙ ምልክት ከጓያ የተለየና ፈጣን ነው፤ በሰዓታት ውስጥ አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ልብ ይመታል፣ ሽንት አልወጣ ይላል፣ ሰው ይቀባዥራል። ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ግብጦ መብላቱን ይንገሩ፤ በቤት ለማስመለስ አይሞክሩ። የ4 ዓመት ሕፃን ባለበት ቤት ጥሬው ግብጦም የሚዘፈዘፍበት ባልዲም ከእጁ የራቀ ይሁን፤ ለዚያ ዕድሜ እፍኝ የማይሞላ ጥሬ ግብጦ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው በደንብ የጣፈጠውንም አይንካው፤ ሰውነት ሁለቱን ያምታታቸዋል። አውሮፓ ውስጥ ግብጦ ያለበት ምግብ ሁሉ ላይ እንዲጻፍ ሕግ የሆነው ለዚህ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ በእስራኤልና በዓረብ አገሮች ቱርሙስ የሚሉት ይኸው ነው። በጨው ውሃ በጠርሙስ የታሸገው ተዘጋጅቶ ያለቀ ነው። በደረቁ በከረጢት የሚሸጠው ግን አብዛኛው መራራው ስለሆነ ከላይ ያለው ሥራ ሁሉ ይጠብቀዋል።

መላሽ፦ ዘር አባዢ

አምራች ዘመድ ላለው ሰው፦ ኦዳፑ ዝቅተኛ የሆነ «ዋሴ» የሚባል የጓያ ዝርያ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቷል። ዘሩ ከተገኘ ይመረጣል፤ ግን ሁለት ነገር ያበላሸዋል። ንብ የጓያ አበባ ትጎበኛለችና ከጎረቤት የአካባቢ ጓያ ጋር ይዳቀላል፤ በየዓመቱ ከራሱ ማሳ ዘር እየያዘ የሚዘራ ገበሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በስም ዋሴ፣ በመርዝ ግን እንደ ቀድሞው የሆነ ጓያ ያጭዳል። ከሌላ ጓያ አርቆ መዝራትና ዘሩን ከታማኝ አባዢ ማደስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ድርቅ ነው። ጓያ ክረምቱ ሲወጣ በዋልካው ላይ በቀረው እርጥበት ይዘራል፤ እርጥበቱ ቀድሞ ሲያልቅና ተክሉ ሲጠማ ኦዳፕ ይጨምራል። ዚንክ ያነሰበት አፈርም እንደዚሁ ያደርገዋል። ክፋቱ፣ ሰው ጓያ ላይ የሚደገፈው በዚያው በድርቅ ዓመት መሆኑ ነው። ዝናብ ባጠረበት ዓመት የታጨደውን ዋሴም ቢሆን እንደ ማንኛውም ጓያ ከክተው፣ በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ሁለት ጊዜ ይድፉት።